ጨለማውን አትርሱ፦ በተክልና በእንስሳት ብርሃን ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ተክል የሚያሳድገውም ዶሮ የሚያረባውም ስለ ብርሃን የሚጠይቀኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ስንት አምፖል ልስቀል?» ስለ ጨለማው የሚጠይቅ እምብዛም አይገጥመኝም። ብርሃን ለተክል ምግብ መሥሪያ፣ ለእንስሳ ማያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ይበቃ ነበር። ግን ብርሃን ምልክትም ነው። ብዙ ተክል የሚያብብበትን፣ ዶሮ የምትጥልበትን፣ በግ ድራት ላይ የምትሆንበትን (አውራ የምትፈልግበትን) ጊዜ የሚለዩት የቀኑንና የሌሊቱን ርዝመት እየለኩ ነው።

ሌሊቱን መቆራረጥ

«አላብብ አለኝ። ማዳበሪያ ጨመርኩ፣ አፈር ቀየርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም።» ይህን ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ተክሉ የት እንደሚያድር ነው። አንዲት ወዳጄ ፖይንሴቲያዋን እንድመለከትላት ጠራችኝ፤ ሲያብብ የላይኛው ቅጠሉ የሚቀላ ተክል ነው። ያማረ ተክል ነው፤ ቅጠሉ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ። ቀይ የሚባል ነገር ግን አንድም የለውም። የተቀመጠው ሳሎን ውስጥ ነው፤ መብራቱ እስከ እኩለ ሌሊት ይበራል። ከዚያ በኋላ ደግሞ የውጭው መብራት በመስኮት ይገባል። ተክሉ ጤነኛ ነው፤ ሌሊት ነው የጠፋበት።

ነገሩ ከታወቀ ቆይቷል። ጋርነርና አላርድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች «ሜሪላንድ ማሞዝ» የሚባል የትምባሆ ዝርያ ግራ አጋብቷቸው ነበር። ቀኑ ረጅም በሚሆንበት የአገራቸው በጋ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል እንጂ አያብብም። ቀኑ የሚያጥርበት ቀዝቃዛው ክረምት ሲገባ በመስታወት ቤት ውስጥ ግን ያብባል። በበጋ ከሰዓት በኋላ ጨለማ ክፍል እያስገቡ ቀኑን ሲያሳጥሩበት አበበ። ግኝታቸውን እ.ኤ.አ. በ1920 አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1938 ደግሞ ሃምነርና ቦነር የተባሉ ሌሎች ተመራማሪዎች በአንድ አረም ላይ ሲሞክሩ፣ ዋናው የሌሊቱ ርዝመት መሆኑን አሳዩ። ቀኑን መሃል ላይ በጨለማ ቢያቋርጡት ተክሉ ግድ አልሰጠውም። ረጅሙን ሌሊት ለአንድ ደቂቃ በብርሃን ሲያቋርጡት ግን ማበቡን ተወ።

ምክንያቱ ቅጠል ውስጥ ያለ ፋይቶክሮም የሚባል ቀለም ነው። ቀይ ብርሃን ሲነካው ወደ ንቁ መልኩ ይቀየራል። ጨለማ ሲሆን ቀስ እያለ ይመለሳል። መሃል ላይ መብራት ከበራ ተክሉ ረጅሙን ሌሊት እንደ አጭር ይቆጥረዋል።

ስለዚህ ፖይንሴቲያ እንዲቀላ ከፈለጋችሁ ለ8 እስከ 10 ሳምንት በየሌሊቱ 14 ሰዓት ያልተቋረጠ ጨለማ ስጡት። ካርቶን ድፉበት ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ አስገቡት፤ ጠዋት አውጥታችሁ ጥሩ ብርሃን ላይ አስቀምጡት። «እስቲ እንዴት ሆነ» ብላችሁ ማታ ስልካችሁን አብርታችሁ አትዩት። እባካችሁ! ቅዳሜና እሁድም እረፍት የለውም።

ይህንኑ ባሕርይ አበባ አምራቾች ገልብጠው ይጠቀሙበታል። ክሪሳንተመም ግንዱ ሳይረዝም እንዳያብብ እኩለ ሌሊት ላይ ሆን ብለው መብራት ያበሩበታል።

የዶሮን ቀን እንዳሻ ማስረዘምና ማሳጠር

ሁለት ሕግ አለ። በማደግ ላይ ያለች ቄብን ቀን አታስረዝሙባት። መጣል የጀመረችን ዶሮ ቀን አታሳጥሩባት። በቃ። በእንቁላል ቤት ውስጥ የማያቸው የብርሃን ችግሮች አብዛኞቹ ከእነዚህ አንዱን ከመጣስ የመጡ ናቸው።

ቄቧ ሰውነቷ ሳይደርስ ቀኑ ከረዘመባት ቶሎ ትጀምራለች። አርቢው ደስ ይለዋል፤ ደስታው ግን አይቆይም። እንቁላሉ ትንሽ ይሆናል፤ አንዳንዷም የእንቁላል መውጫዋ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ቀይ ሲያዩ ደግሞ ሌሎቹ ይነቁሯታል።

ሁለተኛውን ሕግ የጣሰ አንድ አርቢ ዘንድ ሄጄ ነበር። እንቁላል በድንገት ቀንሶበታል። መኖ ቀይሯል፣ ቫይታሚን ሰጥቷል፣ በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ገዝቷል። ወለሉ ላይ የወደቀውን ላባ ሳይ ስለ መብራቱ ጠየቅሁት። ወጪ ለመቀነስ የማታውን መብራት አጥፍቶት ኖሯል። 16 ሰዓት የነበረው ቀን ባንድ ጊዜ 12 ሆነ። የዶሮ አካል ይህን የሚያነበው የመራቢያ ወቅት አለቀ ብሎ ነው፤ መጣል አቁሞ ላባ ወደ መቀየር ይዞራል። መብራቱን ቢመልሰውም እንቁላሉ በማግስቱ አይመለስም፤ ሳምንታት ይፈጃል።

ዶሮ የቀኑን ርዝመት የምታውቀው በዓይኗ ብቻ አይደለም። ብርሃን የራስ ቅሏን አልፎ አንጎሏ ውስጥ ያሉ ተቀባዮችን ይነካል። ማየት የተሳናት ዶሮም ለብርሃን ምላሽ ትሰጣለች። ስለዚህ «ተኝታለች፣ አታየውም» አይሠራም።

ለምትጥል ዶሮ ከ14 እስከ 16 ሰዓት በቂ ነው። ጭማሪው በየሳምንቱ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይሁን። ታይመር ግጠሙ፤ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥርም ሰዓቱን ፈትሹ። አምፖል ላይ የተጋገረውን አቧራ መጥረግም ከሥራው ይቆጠራል።

ለሥጋ ዶሮ 24 ሰዓት ማብራትም ያው ስህተት ነው። «ብዙ ይበላል፣ ቶሎ ይደልባል» ይላሉ። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ እንቅልፍ ያጣች ጫጩት እግሯም ዓይኗም ይጎዳል።

በዓይን መለካት

ክፍሉ ለእኛ ወለል ብሎ ይታየናል። ዓይናችን ግን ከጥቂቱም ከብዙውም ራሱን ስለሚያስማማ መለኪያ አይሆንም። የቀትር ፀሐይ ወደ 100,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይደርሳል፤ ደማቅ የምንለው ሳሎን ብዙውን ጊዜ ጥቂት መቶ ቢሆን ነው። ችግኙ ቀጥኖ ተመዝዞ ወደ መስኮት የሚጋደመው ለዚህ ነው። ርዝመቱን እድገት ነው ብላችሁ አትደሰቱ። ብርሃን ፍለጋ ነው። አንድ አምፖል በእጥፍ ከፍ ሲል ችግኙ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ አዲስ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት ያለውን ዝቅ አድርጉት።

ከቤት ያደገን ችግኝ በአንድ ጊዜ ፀሐይ ላይ ማውጣት ደግሞ ቅጠሉን ያነጣዋል፣ ያቃጥለዋል። ለአንድ ሳምንት ያህል ሰዓቱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

የሰላጣ ዘርን አትቅበሩ። ብዙዎቹ ዝርያዎች ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋሉ፤ ላዩን በስሱ መነስነስ ይበቃል።

የሽንኩርት ዘር ስትገዙ የቀን ርዝመት ምድቡን ጠይቁ። ረጅም ቀን የሚፈልገው ዝርያ ከምድር ወገብ አጠገብ ቢተከል ቅጠል ብቻ ያወጣል፤ ኮረት አይቋጥርም። ዘሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ 14 ሰዓት የሚሞላ ቀን አላገኘም።

ለሁሉም እንስሳ አንድ ዓይነት ብርሃን

ሌሊት አንጎል ውስጥ ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ይመነጫል። ሌሊቱ ሲረዝም እሱም ረዘም ላለ ሰዓት ይመነጫል። በግና ባዝራ ይህንኑ ምልክት ያነባሉ፤ የሚሰጡት መልስ ግን ተቃራኒ ነው። ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች በግ ቀኑ ሲያጥር፣ ባዝራ ደግሞ ቀኑ ሲረዝም ድራት ላይ ትሆናለች። በግ አምስት ወር፣ ባዝራ አሥራ አንድ ወር ገደማ ስለሚያረግዙ ሁለቱም የሚወልዱት ሣር በሚለመልምበት ወራት ነው። ባዝራን ቀድማ እንድትዘጋጅ ለማድረግ 16 ሰዓት ብርሃን ይሰጣታል። ውጤቱ እስኪታይ ሁለት ወር ያህል መታገሥ ያስፈልጋል። ያንኑ ፕሮግራም በግ ላይ የሚሞክር ሰው የፈለገውን ተቃራኒ ነው የሚያገኘው።

በመስታወት በኩል ፀሐይ ማሞቅ

ይህ ኤሊና እንሽላሊት ለሚያሳድጉ ነው። እነዚህ እንስሳት ቫይታሚን ዲ ለመሥራት አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ያስፈልጋቸዋል፤ የመስኮት መስታወት ደግሞ ጨረሩን ያስቀረዋል። እንስሳው ይሞቃል እንጂ የሚፈልገውን አያገኝም። አጥንቱ ይለሰልሳል፣ ሴቷም የእንቁላሏ ቅርፊት ይሳሳል። ልዩ አምፖል የገዛችሁም ብትሆኑ፣ ጨረሩ አምፖሉ ከመቃጠሉ ብዙ ወራት በፊት ይደክማል። የተገጠመበትን ቀን አምፖሉ ላይ ጻፉ፤ አምራቹ የወሰነው ጊዜ ሲደርስም ቢበራ እንኳ ቀይሩት።