የኮሌጅ ፉትቦል ቡድን የአጥቂ መስመር ለሩጫ መንገድ መክፈት ሲያቅተው ምክንያቱን እንዴት መለየት ይቻላል?

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል አንድ ቡድን ኳሱን በሩጫ ወደ ፊት መግፋት ሲያቅተው ወቀሳው ቶሎ የሚያርፈው በአጥቂው መስመር አምስት ተጫዋቾች ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም «ጉልበት የላቸውም» በሚል አንድ ቃል ይቋጫል። ይህ ፍርድ አንዳንዴ ትክክል ይሆናል። ይሁን እንጂ መሃል ቆሞ ኳሱን የሚያስነሳው የሴንተሩ፣ በግራና በቀኙ ያሉት የሁለቱ ጋርዶችና በጫፍ ያሉት የሁለቱ ታክሎች ሥራ አምስቱም በአንድ ቅጽበት አንድ ነገር አይተው አንድ ውሳኔ ላይ እንዲደርሱ የሚጠይቅ ነው። በመሆኑም የሩጫ ብሎክ፣ ማለትም ለኳስ ተሸካሚው መንገድ ለመክፈት ተከላካዮችን መግታት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ጡንቻ ሲያንስ ሳይሆን በመካከላቸው ያለው መግባባት ሲላላ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱን ለማወቅ የሚፈልግ ተመልካች ጉልበትን በመጨረሻ እንጂ በመጀመሪያ መመርመር የለበትም፤ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተልም በዚሁ እምነት የተዘጋጀ ነው።

ለሥራው የሚያስፈልጉት የጨዋታው ቅጂ፣ ማስታወሻ ደብተርና ትዕግሥት ናቸው። ዋናው የቴሌቪዥን ካሜራ ሜዳውን ከጎን ስለሚያሳይ በመስመሩ ውስጥ የሚከፈተውንና የሚዘጋውን ክፍተት አያሳይም፤ ስለዚህ ኳሱን ከሴንተሩ ተቀብሎ ከሚወረውረው ወይም ከሚያስረክበው ኳርተርባክ ጀርባ የተቀረጸ ድጋሚ ምስል በተገኘ ቁጥር እሱን ያስቀድሙ። ሩጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩ ኳሱን ይከተሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ኳሱን ይርሱትና ዓይንዎን በአንድ ተጫዋች ላይ ብቻ አሳርፈው እንደገና ያጫውቱት። አምስት ሰዎችን በአንድ ጊዜ ማየት የሚችል ዓይን የለም።

ቁጥሩን ማጥራት

ምርመራው ከቁጥሩ ይጀምር፤ ምክንያቱም የኮሌጅ ፉትቦል የሩጫ ስታቲስቲክስ እንደቀረበ የሚወሰድ አይደለም። በፕሮፌሽናሉ ሊግ በኤንኤፍኤል ኳርተርባኩ ሳክ ሲደረግ፣ ማለትም ኳሱን ሳይወረውር ጨዋታው ከተነሳበት መስመር ጀርባ ሲጣል፣ የሚጠፋው ያርድ የሚቀነሰው ከፓሱ (ከውርወራው) ቁጥር ላይ ነው። በኮሌጅ ግን ከሩጫው ቁጥር ላይ ይቀነሳል፤ ሳኩ ራሱም እንደ አንድ የሩጫ ሙከራ ይቆጠራል። ለምሳሌ አንድ ቡድን በ38 ሙከራ 110 ያርድ ሮጠ ቢባል አማካዩ 2.9 ያርድ ይሆናል። ከሙከራዎቹ 5ቱ በድምሩ 35 ያርድ ያሳጡ ሳኮች ከነበሩ ግን እውነተኛው ሩጫ በ33 ሙከራ 145 ያርድ፣ አማካዩም 4.4 ነው። በዚህ ሁኔታ የሚመረመረው ኳርተርባኩን የመከላከል ድክመት እንጂ የሩጫ ብሎክ ላይሆን ይችላል።

ቁጥሩ በተቃራኒው አቅጣጫም ያታልላል። ከእነዚያ 145 ያርዶች ውስጥ 60ው በአንድ ሩጫ የተገኘ ከሆነ ቀሪዎቹ 32 ሙከራዎች ያስገኙት 85 ያርድ፣ ማለትም በአማካይ 2.7 ብቻ ነው። ስለዚህ ከአማካይ ይልቅ ስንቱ ሩጫ ሥራውን እንደሠራ መቁጠር ይሻላል። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት ካሉት አራት ሙከራዎች (ዳውኖች) በመጀመሪያው ከሚያስፈልገው ርቀት ግማሹን፣ በሁለተኛው 70 በመቶውን፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ደግሞ ሙሉውን ያስገኘ ሩጫ እንደ ስኬታማ የሚቆጠርበት መለኪያ በኮሌጅ ፉትቦል ተንታኞች ዘንድ የተለመደ ሲሆን፣ በእጅ ለመቁጠርም ቀላል ነው። ከዚሁ ጎን ለጎን ተሸካሚው ኳሱ ከተነሳበት፣ ማለትም ከመነሻው መስመር ሳያልፍ የተጣለባቸውን ሩጫዎች ለይተው ይመዝግቡ፤ ቀጥሎ በዝርዝር የሚታዩት እነዚህ ናቸው።

ከስናፕ በፊት ያለው ሒሳብ

እያንዳንዱን የከሸፈ ሩጫ ስናፑ (ሴንተሩ ኳሱን ወደ ኳርተርባኩ ማቀበሉ) ሊደረግ ሲል ያስቁሙና በቦክሱ ውስጥ ያሉትን ተከላካዮች ይቁጠሩ። ቦክስ የሚባለው በመስመሩ ፊት ለፊት፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው፣ ከመስመር ተከላካዮቹ ኋላ ያሉት ላይንባከሮች እስከቆሙበት ጥልቀት ድረስ ያለው ቦታ ነው። አምስቱ የመስመር ተጫዋቾችና በመስመሩ ጫፍ የሚሰለፍ፣ ፓስም የሚቀበል አንድ ታይት ኤንድ ስድስት ብሎክ አድራጊዎች ናቸው፤ ተከላካዩ ሰባት ሰው ካሰለፈ አንዱ ነፃ መሆኑ የግድ ነው። ያ ነፃ ሰው ኳስ ተሸካሚውን ቢጥለው ጥፋቱ የመስመሩ አይደለም። ተጋጣሚዎች በየሳምንቱ ተጨማሪ ሰው ወደ ቦክሱ የሚያስገቡት የቡድኑን ረጅም ፓስ ስለማይፈሩ ከሆነ፣ የሩጫው ችግር ሥር ያለው በኳርተርባኩና በተቀባዮቹ ዘንድ፣ አልያም ይህን እያየ ያንኑ ሩጫ በሚጠራው አሠልጣኝ ዘንድ ነው።

በኮሌጅ ፉትቦል ላይ በተለይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ሆን ተብሎ ሳይነካ የሚተወው ተከላካይ ነው። በሪድ ኦፕሽን ጨዋታ ታክሉ ከፊቱ ያለውን የጫፍ ተከላካይ አልፎ ወደ ላይንባከሩ ይሄዳል፤ ያን የጫፍ ሰው «የሚያነበው» ኳርተርባኩ ሲሆን፣ ተከላካዩ ኳሱን ተረክቦ ወደሚሮጠው ራኒንግ ባክ ከዞረ ኳሱን ራሱ ይዞ መሮጥ ይኖርበታል። ኳርተርባኩ አንብቦ ከተሳሳተ ማንም ያልነካው ተከላካይ ራኒንግ ባኩን ከመስመሩ ጀርባ ይጥለዋል፤ ከመቀመጫው የሚያይ ሰው ግን «ታክሉ ሰውየውን ለቀቀው» ይላል። ሩጫና ፓስን አጣምረው በአንድ ጥሪ የሚያስኬዱ አርፒኦ የሚባሉ ጨዋታዎችም እንዲሁ ናቸው። የኮሌጅ ደንብ ወደ ፊት የሚወረወር ኳስ ባለበት ጨዋታ የመስመር ተጫዋቾች ከመነሻው መስመር እስከ 3 ያርድ ወደ ፊት እንዲሄዱ ስለሚፈቅድ፣ 1 ያርድ ብቻ ከሚፈቅደው ኤንኤፍኤል ይልቅ በኮሌጅ ለእነዚህ ጨዋታዎች ሰፊ ቦታ አለ። የመስመሩ ሰው ብሎክ ሲያደርግ ኳሱ ይሩጥ ወይም ይወርወር አያውቅም። ይህን ሳያጣሩ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ላይ መፍረድ ተገቢ አይመስለኝም።

ማን ማንን ያዘ?

ሒሳቡ ለአጥቂው የሚመች ሆኖ ሳለ ሩጫው ከከሸፈ፣ ኳስ ተሸካሚውን የጣለውን ተከላካይ ወደ ኋላ ተመልሰው ይፈልጉና አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሱ፦ ይህ ሰው ተነክቷል ወይስ ማንም ሳይነካው መጣ? ሳይነካ ከመጣ ስህተቱ የምደባ ነው፤ ተነክቶ ካመለጠ የቴክኒክ ወይም የጉልበት ነው። የምርመራው ትልቁ መለያ ይህ በመሆኑ በደብተሩ ላይ ራሱን የቻለ ዓምድ ይሰጠው።

የምደባ ስህተት የሚመጣው ከንግግር መቋረጥ ነው። ሴንተሩ ከስናፕ በፊት የተከላካዩን አሰላለፍ አይቶ የመካከለኛውን ላይንባከር ይጠቁማል፤ የተቀሩት አራቱም ከዚያ ጠቋሚ ተነስተው የየራሳቸውን ሰው ይቆጥራሉ። ተከላካዩ ስናፑ ሊደረግ ሲል ቦታ ቢቀያይርና አንዱ ጋርድ አዲሱን ጥሪ ሳይሰማ ቢቀር ሁለት ሰዎች በአንድ ተከላካይ ላይ ይወድቃሉ፤ ከጀርባ ያለው ላይንባከርም በተከፈተው ክፍተት ቀጥ ብሎ ይገባል። በባላጋራ ስታዲየም ጩኸቱ የጎረቤትን ድምፅ እንኳ ስለሚውጥ ይህ ስህተት ከሜዳ ውጭ በሚደረጉ ጨዋታዎች ይበረታል። የቡድኑን የሜዳውንና ከሜዳው ውጭ ያደረጋቸውን ጨዋታዎች ለይቶ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት እርምጃዎች

ተከላካዩ ተነክቶ ያመለጠ ከሆነ ምስሉን በዝግታ ያጫውቱና የብሎክ አድራጊውን እግሮች ይመልከቱ። የሩጫ ብሎክ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከግጭቱ በፊት ነው። የመጀመሪያው እርምጃ አጭርና ወደ ሩጫው አቅጣጫ ያዘነበለ መሆን አለበት፤ ሁለተኛው እግርም ግጭቱ ከመፈጠሩ በፊት መሬት መያዝ ይኖርበታል። ረጅም እርምጃ የሚወስድ ተጫዋች ተከላካዩ ሲያገኘው ገና አንድ እግሩ አየር ላይ ስለሚሆን፣ 140 ኪሎ ቢመዝንም እንኳ ወደ ኋላ መገፋቱ አይቀርም። ይህን ያየ ተመልካች ደካማ ነው ይለዋል፤ የጎደለው ግን የእግር ሥርዓት ነው።

ቀጥሎ የትከሻውን ከፍታ ያስተያዩ። በመስመር ግጭት ትከሻው ዝቅ ያለው ወገን ያሸንፋል፤ ዝቅ ማለቱ ግን ጉልበትንና ዳሌን በማጠፍ መሆን አለበት። ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ጭንቅላቱን ከጉልበቱ አሳልፎ የሚወረወር ተጫዋች ተከላካዩ ዘወር ሲልለት በደረቱ ይወድቃል። እጆቹም የተከላካዩን ደረት ከውስጥ በኩል መያዝ አለባቸው፤ ወደ ውጭ ከሰፉ ወይ ብሎኩ ይፈታል፣ ወይ ተጫዋቹ የሚያመልጠውን ሰው ጨርቅ ይይዝና 10 ያርድ የሚያስቀጣ ሆልዲንግ ይፈጽማል። በአንድ ተጫዋች ላይ ሆልዲንግ የሚደጋገም ከሆነ እጆቹ ከሚያርፉበት ቦታ በፊት እግሮቹን ይመርምሩ፤ እጅ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ እግር ስለዘገየ ነው።

ይህ ሁሉ በልምምድ የሚሰክን ቢሆንም የኮሌጅ ተጫዋች ያለው ጊዜ ጠባብ ነው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው የኤንሲኤኤ ደንብ በውድድር ወቅት የቡድን ሥራን በሳምንት በ20 ሰዓት፣ በቀንም በ4 ሰዓት ይገድባል፤ የጸደይ ልምምድም 15 ጊዜ ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ብዙ ፓስ የሚወረውሩ ቡድኖች አብዛኛውን ሰዓት ፓስ የሚወረውረውን ኳርተርባክ በመከላከል ልምምድ ያሳልፉታል። ወጣቱም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጣው ቆሞ መነሳትን እንጂ እጁን መሬት አስነክቶ ዝቅ ብሎ መነሳትን ሳይለምድ ሊሆን ይችላል። አንድ ቡድን በሦስተኛው ዳውን 1 ያርድ ብቻ ሲፈልግ የሚቸገረው ብዙ ጊዜ ያን 1 ያርድ ሳይለማመድ ስለከረመ ነው።

የጥንድ ብሎክ

በእኔ ግምት የመስመሩ እውነተኛ ደረጃ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ኢንሳይድ ዞን በሚባለው ሩጫ ሁለት ጎረቤታሞች፣ ለምሳሌ ጋርዱና ታክሉ፣ አንዱን የመስመር ተከላካይ አብረው ይገፉታል፤ ዓይናቸው ግን ከኋላ ባለው ላይንባከር ላይ ነው። ላይንባከሩ ወደ አንዱ ጎን ሲንቀሳቀስ በዚያ ጎን ያለው ጥንዱን ትቶ ይወጣና ይይዘዋል፤ ሌላው ብቻውን ይቀራል። ማን እንደሚወጣ አስቀድሞ አይታወቅም፤ ላይንባከሩ ይወስነዋል። ቀድሞ ከተለያዩ የተያዘው ተከላካይ መሃላቸውን ሰንጥቆ ይገባል፤ ዘግይተው ከተለያዩ ላይንባከሩ ማንም ሳይነካው ክፍተቱን ይዘጋል።

ምስሉን ሲያዩ የሁለቱን ዳሌዎች ይመልከቱ። ተጣብቀው እየገፉ ከሆነ ጥንዱ ጤነኛ ነው፤ በመሃላቸው ብርሃን ከታየ ግን ተከላካዩ የሚያልፍበት በር ተከፍቷል። ጊዜውን ለመፍረድ ደግሞ ላይንባከሩ ከተነሳበት ቅጽበት ጀምሮ አንዱ ተለይቶ እስኪወጣ ያለውን ያስተውሉ። ይህን ቅጽበት ጎን ለጎን ብዙ ጨዋታ የተጫወቱ ሰዎች ያለ ንግግር ያውቁታል፤ አዲስ የተገናኙ ሰዎች ግን ሁለቱም ጎበዞች ቢሆኑ እንኳ ይስቱታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዩኒቨርሲቲ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች የሚመዘገቡበት የዝውውር ፖርታል ከተጀመረ፣ በ2021 ደግሞ ተጫዋቾች አንድ ዓመት ሳይቀመጡ ለአንድ ጊዜ መዛወር እንዲችሉ ከተፈቀደ ወዲህ፣ ከሦስት የተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች በመጡ ሰዎች መስመር መሥራት የተለመደ ሆኗል። እንዲህ ያለ መስመር ውድድሩ ሲጀመር ቢንገዳገድ አይገርምም፤ ጉዳት በየሳምንቱ ሰው የሚያስቀይረው መስመርም ከዚህ አይለይም። የጆ ሙር ሽልማት ከ2015 ጀምሮ የሚሰጠው ለአንድ ተጫዋች ሳይሆን ለሙሉ የአጥቂ መስመር መሆኑ ከዚህ የሥራ ጠባይ ጋር ይስማማል፤ ሚሺጋን በ2021 እና በ2022 በተከታታይ፣ የጦር አካዳሚው ቡድን አርሚም በ2024 ወስደውታል።

እንደ ፓወርና ካውንተር ባሉ ሩጫዎች ደግሞ ጋርዱ ቦታውን ትቶ ከመስመሩ ጀርባ በመሮጥ በሌላው ጎን ብሎክ ያደርጋል። እዚህ ላይ የሚታየው መጀመሪያ የእሱ ፍጥነት ሳይሆን እሱ የተወውን ቦታ ጎረቤቱ መዝጋቱ ነው፤ ጎረቤቱ ከተገፋ ተከላካዩ በጋርዱ መንገድ ላይ ይወድቅና ሩጫው ከመነሻው ይታገታል።

የሌሎች ድርሻ

የመነሻውን መስመር ተሻግሮ ከ4 ወይም ከ5 ያርድ በኋላ ከሁሉም ኋላ በሚቆመው ተከላካይ፣ በሴፍቲ፣ የሚቆም ሩጫ ለመስመሩ ጥሩ ሩጫ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚገኘው የተቀባዮች ብሎክና የራኒንግ ባኩ ችሎታ ነው። ራኒንግ ባኩ ቸኩሎ ቀድሞ ከታጠፈም ላይንባከሩ አብሮት ስለሚዞር ትክክል የነበረው ብሎክ ስህተት ይመስላል። የታይት ኤንዱ ብሎክ ደግሞ ለየብቻ ይመዝገብ፤ በጫፍ በኩል የሚከሽፉ ሩጫዎች ምክንያት ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ጉልበት፣ በመጨረሻ

ሰውየው ትክክለኛውን ተከላካይ ይዞ፣ እግሩ ተስተካክሎ፣ እጁ ከውስጥ አርፎ፣ ትከሻው ዝቅ ብሎ ሳለ አሁንም ወደ ኋላ የሚገፋ ከሆነ፣ ያኔ ጉልበት አነሰው ማለት ይቻላል። ይህን በአንድ ጨዋታ አይወስኑ፤ ፊቱ የነበረው ተከላካይ ወደ ኤንኤፍኤል የሚሄድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። በሦስትና በአራት ጨዋታ፣ በተለያዩ ተጋጣሚዎች ፊት ከተደጋገመ ግን ፍርዱ ይጸናል።

ደብተሩ ሲሞላ ከየትኛው ዓምድ ሥር ብዙ ምልክት እንዳለ ያያሉ፤ ከዚያ ምን ያህል ጊዜ መጠበቅ እንደሚገባም ይገመታል። የጥሪ ስህተት ጥሪዎችን በመቀነስ በአንድ ሳምንት ሊቀንስ ይችላል። የጥንድ ብሎክ አምስቱን ሰዎች ሳይቀያይሩ አብረው ማጫወትን ይጠይቃል፤ አሠልጣኙ በየጨዋታው ሰው የሚለዋውጥ ከሆነ መሻሻልን ቶሎ አይጠብቁ። እግርና እጅ በጸደይ ልምምድ ይታረማሉ። ጉልበት ግን በውድድር ወቅት አይገነባም፤ በክረምቱ የክብደት ሥልጠና የሚመጣ ሲሆን፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ የመጣ ወጣት እስኪበስል ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈጅበታል። ከ2018 ጀምሮ ያለው የሬድሸርት ደንብ ተጫዋቹ የብቁነት ዓመቱን ሳያጣ እስከ 4 ጨዋታ እንዲሰለፍ ስለሚፈቅድ፣ በውድድሩ መጨረሻ ሳምንታት የሚሰለፉትን ወጣቶች እግርና እጅ በዚሁ ደብተር መመዝገብ የመጪውን ዓመት መስመር ቀድሞ ለመገመት ያስችላል።