የቴክሳስ ትምህርት ቤቶች ኤ፣ ቢ፣ ሲ እንዴት እንደሚሰላ

ዳላስ ዙሪያ ወይም ሂውስተን ቤት የሚፈልግ አበሻ ከኪራዩ ቀጥሎ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ትምህርት ቤቱ ስንት ነው?» መልሱ ስቴቱ ለየትምህርት ቤቱ በሚሰጠው አንድ ፊደል ይመጣል። «ኤ ነው፣ ግቡበት።» «ኧረ ሲ ነው፣ ይቅርባችሁ።» ሰው በዚህች ፊደል ብቻ ሰፈር ይለውጣል።

ፊደሏ ግን የተማሪዎቹ ፈተና አማካይ አይደለችም። ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። ሦስት የተለያዩ ስሌቶች ይሠራሉ፣ ከመካከላቸው አንዱ ይጣላል፣ የቀሩት ሁለቱ ተመዝነው ይደመራሉ። ስለዚህ ሁለት ሲ ያገኙ ትምህርት ቤቶች ፈጽሞ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ሒሳቡ ራሱ ከመደመርና ከማካፈል አያልፍም። የሚያደክመው መመሪያው ነው።

አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወስደን ከታች እስከ ላይ እናስላ። ቁጥሮቹን እኔ ነኝ ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥኳቸው። ደንቡ ግን የቴክሳስ ትምህርት ኤጀንሲ የሚጠቀምበት ነው።

መጀመሪያ፦ ማን ይቆጠራል?

የስቴቱ ፈተና ስታር ይባላል። ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ንባብና ሒሳብ በየዓመቱ ይፈተናሉ። 5ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ሳይንስ ይጨመራል፣ 8ኛ ላይ ደግሞ ሶሻል ስተዲስ። ሃይስኩል የሚፈተኑት አልጀብራ 1፣ እንግሊዝኛ 1 እና 2፣ ባዮሎጂ እና የአሜሪካ ታሪክ ነው። ልጃችሁ ኬጂ ወይም 1ኛ ክፍል ከሆነ እሱን የምታስተምረው መምህርት ሥራ በስታር በኩል እዚህ ውስጥ የለም ማለት ነው።

የተፈተነ ሁሉም አይቆጠርም። በኦክቶበር የመጨረሻው አርብ የተመዘገቡ ልጆች ዝርዝር ይያዛል። ጃኑዋሪ ላይ ተዛውሮ የመጣ ልጅ ይፈተናል፣ ውጤቱም ለወላጆቹ ይደርሳል፣ ግን ለአዲሱ ትምህርት ቤት ፊደል አይቆጠርም። እንግሊዝኛ እየተማረ ያለና በአሜሪካ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመቱ የሆነ ልጅም እንዲሁ አይቆጠርም። ስለዚህ በቅርቡ በዲቪ የመጣች ልጅ የትምህርት ቤቱን ውጤት ታበላሻለች ብሎ የሚሰጋ ሰው ካለ፣ ስጋቱ መሠረት የለውም።

ደረጃ 1፦ ልጆቹ የት ደረሱ?

የስታር ውጤት ወረቀት ላይ አራት እርከኖች አሉ። ዝቅተኛው የክፍሉን ደረጃ አላሟላም የሚለው ነው። ቀጥሎ አፕሮችስ አለ፣ ተቃርቧል እንደማለት ነው፣ እንደ ማለፊያም ይቆጠራል። ከዚያ ሚትስ፣ ማለትም አሟልቷል። ከላይ ማስተርስ፣ በሚገባ ተክኖታል።

አሁን የሚቆጠረው ልጅ ሳይሆን ፈተና ነው። አንድ ልጅ ንባብና ሒሳብ ከተፈተነ ሁለት ነው። በእኛ ትምህርት ቤት 300 ፈተናዎች አሉ እንበል።

ከእነዚህ 240ዎቹ አፕሮችስ ወይም ከዚያ በላይ ናቸው፦ 80 በመቶ።
141ዱ ሚትስ ወይም ከዚያ በላይ፦ 47 በመቶ።
60ዎቹ ማስተርስ፦ 20 በመቶ።

ሦስቱን ደምሩ፣ 147 ይመጣል። ለሦስት አካፍሉ፣ 49። የትምህርት ቤቱ ጥሬ ውጤት ይህ ነው።

«ወይም ከዚያ በላይ» የሚለውን አትለፉት። ማስተርስ ላይ የደረሰ ፈተና በሦስቱም መስመር ይቆጠራል፣ ሚትስ በሁለቱ፣ አፕሮችስ በአንዱ ብቻ። ስለዚህ ሁሉም ልጅ «አልፎ» ማንም ከአፕሮችስ ያልዘለለበት ትምህርት ቤት ጥሬ ውጤቱ 33 ላይ ይቀራል። ርእሰ መምህሩ «መቶ በመቶ አሳለፍን» ብሎ ሊያወራ ይችላል፣ ውሸትም አይሆንበትም።

ሃይስኩል ላይ ስሌቱ ይለያል። ስታር 40 በመቶ ብቻ ይይዛል። ሌላ 40 በመቶ ተመራቂዎቹ ለኮሌጅ፣ ለሥራ ወይም ለውትድርና ምን ያህል ዝግጁ እንደሆኑ ነው፣ ቀሪው 20 በመቶ የምረቃ መጠን።

ደረጃ 2፦ 49 ኤፍ አይደለም

ጥሬው ውጤት በቀጥታ ፊደል አይሆንም። ኤጀንሲው ባወጣው ሰንጠረዥ ወደ 100 ይቀየራል። ከዚያ በኋላ 90 እና ከዚያ በላይ ኤ፣ ከ80 እስከ 89 ቢ፣ ከ70 ሲ፣ ከ60 ዲ፣ ከ60 በታች ኤፍ። ሥርዓቱ ሲጀመር ለአንደኛ ደረጃ ጥሬ 60 ያመጣ በሰንጠረዡ 90 ይሆን ነበር፣ ማለትም ኤ። 60ው ደግሞ ከሰማይ አልወረደም። 90 በመቶ አፕሮችስ፣ 60 በመቶ ሚትስ፣ 30 በመቶ ማስተርስ ያላት ትምህርት ቤት አማካይዋ 60 ነው። የእኛ 49 ተቀይሮ 77 ሆነ እንበል።

በእኔ እይታ ከሁሉም ደረጃዎች ፖለቲካው ያለው እዚህ ነው። መቁረጫ ነጥቡን ያንቀሳቀሰ ፊደሉን አንቀሳቀሰ። በ2023 ኤጀንሲው ሃይስኩሎች በዝግጁነት ኤ ለማግኘት የሚያስፈልጋቸውን ቁጥር ከ60 ወደ 88 አነሳው። ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድሩት ዲስትሪክቶች ተቆጡ፣ ምክንያቱም የሚለካው ቀድሞውኑ ተመርቆ የሄደ ባች ነበር። በምን ተአምር ያሻሽሉት? ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ውጤቱም ታገደ። የ2023ቱ ፊደል የወጣው ይግባኝ ሰሚው ከወሰነ በኋላ በአፕሪል 2025 ነው። የ2024ቱና የ2025ቱ በአንድ ላይ በኦገስት 2025 ወጡ። ስለዚህ የድሮ ፊደል ከአዲስ ጋር ስታወዳድሩ ተጠንቀቁ። ሃይስኩሉ ከኤ ወደ ሲ የወረደው ትምህርቱ ወርዶ ላይሆን ይችላል።

ደረጃ 3፦ እድገት፣ በሁለት መንገድ

የመጀመሪያው መንገድ እያንዳንዱን ልጅ ካምናው ከራሱ ጋር ያወዳድራል። ለዚህ ሲባል እርከኖቹ ይበልጥ ይከፋፈላሉ፦ ያላሟላው ዝቅተኛና ከፍተኛ ተብሎ ለሁለት፣ አፕሮችስም እንዲሁ ለሁለት። በድምሩ ስድስት ይሆናሉ። ልጁ አንድ እርከን እንኳ ከወጣ 1 ነጥብ። ሚትስ ወይም ማስተርስ ላይ የነበረ እዚያው ከቆየ 1 ነጥብ። በመካከለኞቹ እርከኖች ባለበት የረገጠ ግማሽ ነጥብ። ከታችኛው እርከን ያልተነቃነቀ ወይም የወረደ ዜሮ።

ይህ ለጎበዝ ልጆች ጨካኝ ነው። ማስተርስ የነበረች ልጅ ሚትስ ላይ ብትወርድ እድገት ላይ ዜሮ ታስቆጥራለች፣ ምንም እንኳ አሁንም የክፍሏን ደረጃ ያሟላች ብትሆን። ከታች ላሉት ግን በጣም ደግ ነው። አምና ሳያሟላ ቀርቶ ዘንድሮ አፕሮችስ ላይ የደረሰ ልጅ ከ1 ነጥቡ ላይ ሩብ ይጨመርለታል።

በእኛ ትምህርት ቤት የአምናና የዘንድሮ ውጤት ያላቸው 200 ፈተናዎች አሉ። 110ሩ ሙሉ ነጥብ አገኙ፣ 40ው ግማሽ፣ 50ው ምንም። 110 ሲደመር 20፣ 130። ከእነዚህ ውስጥ 18ቱ ካለማሟላት ተነሥተው አፕሮችስ የደረሱ ናቸው፣ በሩብ ሲባዛ 4.5። በጠቅላላው 134.5 ለ200 ሲካፈል 67 በመቶ ገደማ። በሰንጠረዡ 72 ሆነ እንበል።

አገር ቤት በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም ተባለ። ከእነዚህ መካከል ተማሪዎቿን ከ20 ወደ 40 ያነሳች ካለች በዚያ ቁጥር ውስጥ አትታይም። የቴክሳሱ የእድገት ስሌት የተሠራው እንዲህ ያለችው እንድትታይ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ትምህርት ቤቱን ከመሰሎቹ ጋር ያወዳድራል። መሰል ማለት ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ልጆች ድርሻው ተቀራራቢ የሆነ ነው። 80 በመቶ ተማሪው ከእንደዚህ ያለ ቤት የሚመጣ ትምህርት ቤት ጥሬ 49 ካመጣ ትልቅ ሥራ ነው። 10 በመቶ ብቻ ያለበት ካመጣው ግን ምን ሲሠሩ ከረሙ ያሰኛል። የእኛው በዚህ መንገድ 81 አገኘ እንበል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ያ ድርሻ በአብዛኛው የሚታወቀው ወላጆች በሚሞሉት የነፃ ምሳ ወይም የገቢ ፎርም ነው። ብዙ የእኛ ሰው በይሉኝታ አይሞላውም። «ልጄ ምሳ አላጣም» ይላል። ፎርሙ ግን ምሳ ብቻ አይደለም፣ ትምህርት ቤቱ ከማን ጋር እንደሚወዳደርም ይወስናል። ሙሉት።

ከሁለቱ መንገዶች የተሻለው ይወሰዳል። 72 ይጣላል፣ 81 ይቀራል።

ደረጃ 4፦ የተደበቀ ልጅ እንዳይኖር

አማካይ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ሦስተኛው ስሌት ስለዚህ ልጆቹን በቡድን ይከፍላል፦ በአጠቃላይ ሁሉም ተማሪዎች፣ አምና ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸው ሁለት የዘር ቡድኖች፣ ከዚያ ልዩ ትኩረት የሚሹ ተብለው በአንድ የተጠቃለሉ ልጆች። በመጨረሻው ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ፣ እንግሊዝኛ ተማሪ፣ ልዩ ፍላጎት፣ ቤት አልባና በአሳዳጊ ሥር ያሉ ልጆች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ቡድን ከተቀመጠለት ግብ አንጻር ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል። የረጅም ጊዜ ግቡን የመታ 4 ያገኛል። ምንም ያላሻሻለ 0።

የእንግሊዝኛ እድገትም እዚሁ ይገባል። ቤት ውስጥ አማርኛ የሚናገር ልጅ ሲመዘገብ ስለ ቤት ቋንቋ መጠይቅ ይሞላል። እንግሊዝኛው ተፈትኖ ገና ከሆነ በየዓመቱ ቴልፓስ የሚባል ፈተና ይወስዳል፦ ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ። ስታር ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል በስፓኒሽም ይሰጣል፣ በአማርኛ ግን የለም። ስለዚህ ለእኛ ልጆች ቴልፓስ ላይ የሚታየው እድገት ለትምህርት ቤቱም ለወላጁም ትልቅ መረጃ ነው።

በዚህ ስሌት ትምህርት ቤታችን 74 አገኘ።

ደረጃ 5፦ መደመር

በእጃችን ያለው፦ የውጤት 77፣ የእድገት 81፣ የቡድኖቹ 74።

ከውጤትና ከእድገት የተሻለውን ያዙ፣ 81። በ70 በመቶ አባዙት፣ 56.7። 74ን በ30 በመቶ አባዙት፣ 22.2። ድምሩ 78.9፣ ተጠጋግቶ 79። ሲ።

ለቢ አንድ ነጥብ ጎደለው። የቡድኖቹ ውጤት ከ74 ይልቅ 78 ቢሆን ኖሮ 80.1 መጥቶ ቢ ይሆን ነበር። «ኧረ ሲ ነው፣ ይቅርባችሁ» የተባለው ትምህርት ቤት ከመሰሎቹ ጋር ሲነጻጸር ቢ ያለው ነው። በተቃራኒው ደግሞ 77ቱን ብቻ ያየ ሰው እድገቱን አያውቅም።

አንድ ማሰሪያ አለ። ውጤት፣ ሁለቱ የእድገት መንገዶች፣ የቡድኖች ስሌት ተብለው ከሚቆጠሩት አራቱ ሦስቱ ከ70 በታች ከሆኑ፣ አጠቃላዩ ከ69 በላይ እንዲሆን አይፈቀድም። አንዱ መልካም ቁጥር ሦስቱን መጥፎ እንዳይሸፍን ነው።

የዲስትሪክቱ ፊደል ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ከሥሩ ካሉት ትምህርት ቤቶች የተወጣጣ ነው፣ ብዙ ተማሪ ያለው ብዙ ይመዝናል። ስለዚህ ዲስትሪክቱ ቢ ስለሆነ የሰፈራችሁም ቢ ነው ማለት አይደለም።

ፊደሉ ወላጅ ብቻ አይደለም የሚያስጨንቀው። በፈረንጆቹ 2015 የወጣ የስቴቱ ሕግ አንድ ትምህርት ቤት ለአምስት ተከታታይ ዓመታት ከወደቀ የስቴቱ የትምህርት ኮሚሽነር ወይ እንዲዘጋው ወይ የዲስትሪክቱን ቦርድ እንዲተካ ያስገድዳል። በጁን 2023 ሂውስተን ላይ የሆነው ይህ ነው። ዊትሊ ሃይስኩል በሚባል አንድ ትምህርት ቤት ምክንያት የቴክሳስ ትልቁ ዲስትሪክት በሙሉ በስቴቱ እጅ ገባ።

የእናንተን ትምህርት ቤት ለማየት

ቲኤክስ ስኩልስ ዶት ጎቭ ላይ ግቡና የትምህርት ቤቱን ስም ጻፉ። ፊደሉ ከላይ ይመጣል፣ እሱን ዝለሉት። ሦስቱን ስሌቶች አንድ በአንድ ክፈቱ። የውጤቱ ክፍል ልጃችሁ ከምን ዓይነት ልጆች ጋር እንደሚቀመጥ ይነግራችኋል። የእድገቱ የመጀመሪያ መንገድ ትምህርት ቤቱ ምን እየጨመረ እንደሆነ ይነግራችኋል። እኔ ቤት የምመርጥ ብሆን መጀመሪያ የማየው ይህን የእድገቱን ነው። ከዚያ እንግሊዝኛ ተማሪ ልጅ ካላችሁ የቡድኖቹን ሰንጠረዥ አውርዱና ያንን መስመር ብቻ ከአምናው ጋር አወዳድሩ።

ስታር ራሱ ሊቀር ነው። በ2025 የጸደቀ ሕግ ከ2027–28 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በዓመቱ መጀመሪያ፣ አጋማሽና መጨረሻ በሚሰጡ ሦስት አጫጭር ፈተናዎች ይተካዋል። ኤ፣ ቢ፣ ሲው ግን ይቀጥላል።