መጀመሪያ ድምፁን አጥፉት

ነገሩ የገባኝ ልጄ አራት ዓመት ተኩል ሲሆናት ነው። ካርቱን እያየች ነበር። ትንሽ ድብ ዋሻ ውስጥ ይገባል። ዋሻው ጨለማ ነው፤ ጥርስ የለ፣ ጥፍር የለ። ከሥር ግን አንድ ወፍራም ድምፅ ቀስ እያለ ያድጋል፤ "ምምምም..." ይላል። ልጅቷ በሁለት እጇ ጆሮዋን ጥርቅም አድርጋ ያዘች። ዓይኗ ግን እንደፈጠጠ ነው።

እኔ ሆዬ "ዓይንሽን ጨፍኚ" ስላት ነው የከረምኩት። የማፍረው ደግሞ የምተዳደረው በቪዲዮ ኤዲቲንግ መሆኑ ነው። ያቺን "ምምምም" ስንቴ ራሴ ከምስል ሥር እንደጨመርኳት ቤት ይቁጠረው። ተመልካች እንዲፈራ ስፈልግ ምስሉን ብዙም አልነካም። የምነካው ድምፁን ነው።

ስለዚህ ልጅ ሲፈራ ቪዲዮውን ለመዝጋት አትሩጡ። ድምፁን ብቻ አጥፉትና ምስሉ ይቀጥል። አሥር ሰከንድ ያህል ጠብቁ፤ የልጁን ትከሻ እዩ። ትከሻው ወረድ ካለ ያስፈራው ሙዚቃው ነበር። እንደተሰበሰበ ከቀረ ምስሉ ነው፤ የምስሉ መላ ሌላ ነው፣ እመጣበታለሁ። ለምን አልዘጋውም ካላችሁ፣ በእኛ ቤት መሃል ላይ የተቋረጠ ድብ ማታ አልጋ ድረስ ይመጣል። ልጁ እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ግን ይዘጋ፤ ትምህርቱ ይቆይ።

ቀጥሎ አንድ ጨዋታ ሞክሩ። እኔ ድመታችን ኮሪደር ላይ ስትሄድ 40 ሰከንድ በስልኬ ቀረጽኩ። ምንም አታደርግም። ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ዞር ብላ ታያለች፣ ትሄዳለች። ይችኑ ቪዲዮ ለልጄ ሦስት ጊዜ አሳየኋት። መጀመሪያ በወፍራምና በሚንቀራፈፍ ሙዚቃ፦

"ልትሰርቅ ነው" አለች።

ቀጥሎ በፈጣን ከበሮ፦

"ልደት ተጠርታ ነው። ረፍዶባታል።"

በመጨረሻ ያለ ምንም ሙዚቃ፦

"እየሄደች ነዋ!" አለችና ጤንነቴን በሚጠራጠር ዓይን አየችኝ።

ለዚህ ኤዲተር መሆን አያስፈልግም። ቪዲዮውን በአንድ ስልክ ያለ ድምፅ ክፈቱ፣ ሙዚቃውን በሌላ። "ፈራሽ እንዴ?" ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ ጥያቄው ራሱ ያስፈራል። "ምን ልታደርግ ነው?" በሉ። ከዚያ ሙዚቃውን ልጁ ይምረጥ። ልጄ ሦስተኛው ቀን ላይ "አባዬ፣ ለካ አንተ ነህ ያስፈራራኸኝ!" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ይህን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም። በ1988 ማርሻልና ኮኸን የተባሉ ተመራማሪዎች ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾችና ክብ የሚንቀሳቀሱበትን አጭር ፊልም በተለያየ ሙዚቃ አሳይተው ነበር። ሙዚቃው ሲቀየር ተመልካቹ ለቅርጾቹ የሚሰጣቸው ጠባይም ተቀየረ። ባለ ሦስት ማዕዘን ጠባይ ካወጣ ድመት ምን ታድርግ?

ዕድሜም ለውጥ አለው። በ2001 የወጣ ጥናት እንደሚለው የአምስት ዓመት ልጆች አንድ ሙዚቃ ደስተኛ ይሁን ሐዘንተኛ የሚለዩት በፍጥነቱ ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ያሉት ግን ሜጀርና ማይነር የሚባለውን (አንዱ የደስታ፣ ሌላው የሐዘን የሚመስለውን) ቅኝትም ይጠቀማሉ። ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? ለእናንተ የሚያረጋጋ ዝግ ያለ ሙዚቃ ለትንሽ ልጅ ለቅሶ ሊሆን ይችላል። እኔ ለማረፊያ ብዬ ፒያኖ ስከፍት ልጄ "ሰውዬው ለምን ያለቅሳል?" ብላኛለች። ዘፋኝ እንኳ አልነበረውም።

ወደ ምስሉ እንምጣ። በልጆችና በፍርሃት ላይ ለዓመታት የሠራችው ጆአን ካንተር ያሳየችው ነገር አለ። ትንንሾቹ ይበልጥ የሚፈሩት መልክን ነው፤ የሚያስፈራ መልክ ያለው ደግ ሰው ያስደነግጣቸዋል። ከፍ ያሉት ደግሞ ሊደርስ የሚችልን ነገር ይፈራሉ። ለዚህ ነው ለአራት ዓመት ልጅ "እውነት እኮ አይደለም" ማለት ብዙ የማይረዳው። አእምሮው ገና እዚያ አልደረሰም። እሱን የሚረዳው እቅፍ ነው፣ የሚይዘው ነገር ነው፣ ጉንጭ ውኃ ነው።

የስምንት ዓመቱ ልጄ በድብ ይስቃል። ዜና ላይ የተቃጠለ ቤት ካየ በኋላ ግን ሁለት ሌሊት እየተነሳ የምድጃውን ማጥፊያ ሲነካ አገኘሁት። እሱን ማቀፍ ብቻ አልበቃውም። አብረን ቤቱን ዞርን፤ ምን ምን እንደሚጠፋ፣ እሳት ቢነሳ በየት በር እንደምንወጣ አሳየሁት። ሦስተኛው ሌሊት ተኛ።

ለትንሿ የሠራላት የካሜራ ተንኮል ነው። እኛ ኤዲተሮች የምናውቀው ነገር ነው፦ ከታች ወደ ላይ የተቀረጸ ነገር ይገዝፋል፣ ከላይ የተቀረጸ ይኮሰምናል። ድቡን ወረቀት ላይ ሣለችው፤ ቆርጠን ወንበር ላይ አቆምነው። ስልኩን ሰጠኋት። መጀመሪያ ወለል ላይ ተኝታ ፎቶ አነሳችው፤ ወንበሩም ድቡም ተራራ አከሉ። ከዚያ አልጋ ላይ ወጥታ ከላይ አነሳችው። ሁለቱን ፎቶዎች እያገላበጠች ብዙ ቆየች። "እዚህ ጋ ሚጢጢ ነው" አለች፤ ወዲያው ለወንድሟ ልታሳይ ሮጠች።

ልጁ የሚያየው ሌላም ምስል አለ፤ የእናንተ ፊት። በ1985 የታተመ አንድ ሙከራ ላይ የአንድ ዓመት ሕፃናት ከሥሩ ገደል በሚመስል መስታወት ላይ እንዲድሁ ተደረገ። ማዶ ያለችው እናት ፈገግ ስትል ከ19ኙ 14ቱ ተሻገሩ። የፈራች ፊት ስታሳይ ከ17ቱ አንድም አልተሻገረም። እኔ ደግሞ አስፈሪው ቦታ ሊደርስ ሲል ዞር ብዬ ልጄን እየሰለልኩ፣ በፊቴ "መጣልሽ!" እያልኳት ኖሬያለሁ። አሁን ስክሪኑን ነው የማየው፤ ስትደገፈኝ እጄን ትከሻዋ ላይ አደርጋለሁ።

ማታ የሚዘለውን ልጅ ለማስተኛት ወዲያው ዝግ ያለ ዘፈን አትክፈቱ። እኔ ከፍቼ አይቻለሁ፤ በላዩ ላይ ይዘላል። የሙዚቃ ቴራፒስቶች ልጁ ካለበት ፍጥነት ይጀምሩና ቀስ በቀስ ያወርዱታል። በደቂቃ 120 ምት ገደማ ከሆነ ዘፈን ጀምሩ፣ ከዚያ 100፣ ከዚያ 80፣ መጨረሻ 60። አራት ዘፈን ይበቃል። የመጨረሻውን በራሳችሁ ድምፅ ዝፈኑት። ድምፄ አያምርም የሚል ሰበብ አይሠራም። የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለሕፃናት በማያውቁት ቋንቋ ዘፈን ሲያሰሙ፣ ሕፃናቱ ማልቀስ ሳይጀምሩ 9 ደቂቃ ያህል ቆይተዋል። በሕፃን አነጋገር ሲያናግሯቸው ግን 4 ደቂቃ ያህል ብቻ።

የምስሉን ፍጥነትም ቁጠሩ። ምስሉ ወደ ሌላ ምስል በተቀየረ ቁጥር አንድ ጣት እጠፉ። ደቂቃ ሳይሞላ አሥሩም ጣት ካለቀ ለትንሽ ልጅ ይፈጥናል ባይ ነኝ፤ ይህ የእኔ መለኪያ ነው እንጂ የሳይንስ አይደለም። ሳይንሱ ያለው በ2011 የታተመ ሙከራ ላይ ነው። 60 የአራት ዓመት ልጆች በሦስት ተከፍለው፣ ለ9 ደቂቃ አንዱ ቡድን ፈጣን ካርቱን፣ ሌላው ዝግ ያለ ካርቱን አየ፣ ሦስተኛው ሥዕል ሣለ። ከዚያ ራስን መግታትና ማሰብ የሚጠይቅ ሥራ ሲሰጣቸው ፈጣኑን ካርቱን ያዩት ከሣሉት አንሰው ተገኙ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች የስክሪን ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል። እኔ ሁልጊዜ አከብረዋለሁ ብል እዋሻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ያንን ድብ ራሷ መልሳ ከፈተችው። ሪሞቱን ይዛለች። ዋሻው ሲመጣ ድምፁን አጠፋችው። ትንሽ ጨመረችው፣ አጠፋችው፣ ደግሞ ጨመረችው። "አሁን ፈራሁ። አሁን አልፈራሁም። አሁን ፈራሁ" እያለች ትስቃለች። ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አየነው። ድቡ ዋሻ የገባው ኳሱ ተንከባሎ ስለገባበት ኖሯል።