የጤና ትምህርት ለሰፈር ሰው፦ የቱን ዘዴ ለየትኛው ጉዳይ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። ሙያዬ ነርስ ቢሆንም የውሎዬ ግማሽ ወሬ ነው። ቡና ላይ፣ እድር ላይ፣ ግንባታ ቦታ ላይ። አዲስ የሚመደቡ ልጆች «ምን ላስተምር?» ይሉኛል። እሱማ መመሪያው ላይ አለ። የሚከብደው እንዴት የሚለው ነው።

ዘዴ ከመምረጤ በፊት አንድ ነገር ራሴን እጠይቃለሁ፦ ሰዉ ይሄን ነገር የማያደርገው ለምንድን ነው? ስለማያውቅ? እጁ ስላልለመደ? ስለሚያፍር? ወይስ እያወቀ ስላልተመቸው?

የእጅ ሥራ ከሆነ ንግግሩ ይቅር፤ ሠርታችሁ አሳዩ፣ ከዚያ እነሱ ይሥሩት። ለምሳሌ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት፣ ኦአርኤስን ውሰዱ። «አንድ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ» ስትሉ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ቤቱ ሲገባ ግን ሊትር የሚለካበት የለውም። ስለዚህ ፖስተር ትቼ ባዶ ሃይላንድ ይዤ እሄዳለሁ። ባለ ግማሽ ሊትሩ ከሆነ ሁለት ጊዜ፣ ባለ 1 ሊትሩ ከሆነ አንዴ። አንዷን እናት አስነሳለሁ፤ ለክታ፣ በጥብጣ፣ ቀምሳ ታሳያለች። «ህፃኑ ቢያስመልሰውስ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ያኔ ነው። 10 ደቂቃ ጠብቃ በማንኪያ ቀስ እያለች ትቀጥል። የተረፈውን ከ24 ሰዓት በኋላ ትድፋው። አብሮ የሚሰጠውን የዚንክ እንክብል ደግሞ ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀን ታስጨርሰው።

ቡና ላይ ግን ፍሊፕቻርት (እየተገለጠ የሚያስተምረውን ባለ ሥዕል) እንዳትዘረጉ! ጨዋታው ቀጥ ይላል። ቡና ለውይይት ነው። 6 ወር ላልሞላው ልጅ ከጡት ሌላ ምንም እንደማይሰጥ ያልሰማች እናት የለችም። ቤት ውስጥ ያሉት አያት ግን «ጉሮሮው ደረቀ እኮ» ብለው የአብሽ ውሃ ያቀምሱታል። እናትየዋን ብቻ ብታስተምሩ ምን ዋጋ አለው? አያትየውን አስጠሯቸው። «እማማ፣ እርስዎ ልጆችዎን እንዴት አሳደጉ?» ብላችሁ ጀምሩ። አውርተው ሲጠግቡ የጡት ወተት አብዛኛው ውሃ መሆኑን ንገሯቸው። ሰው ፊት «ተሳስተዋል» ካላችኋቸው ቡናው እዚያው አበቃ።

እድር ሌላ ነው። ሊቀመንበሩ 10 ደቂቃ ቢሰጧችሁ ነው፣ ያውም ሰዉ መዋጮውን ከፍሎ ሊሄድ ሲል። አንድ ጉዳይ ብቻ ያዙ። እኔ ግፊት መለኪያዬን ይዤ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ግፊት ሳያም ከርሞ ስለሚጎዳ ከምክር ይልቅ የራስ ቁጥር ያሳምናል። 140/90 እና ከዚያ በላይ ያየሁበትን ድጋሚ እንዲለካ ጤና ጣቢያ እልከዋለሁ፤ በአንድ ልኬት «ግፊት አለብህ» አይባልም። ቁጥሩንም ጮክ ብላችሁ አታንብቡ፣ የጎረቤት ጆሮ አለ።

ለቤተሰብ ምጣኔ አማትና ምራት አንድ ላይ አታስቀምጡ። ትንሽ ቡድን፣ እኩያሞች ብቻ። ሰው ስለ ራሱ ስለማይናገር እኔ ታሪክ ፈጥሬ እጀምራለሁ፦ «አንዲት ሴት ክንድ ላይ የሚቀበረውን አስደርጋ የወር አበባዋ ተዛባ። ምን ትመክሯታላችሁ?» ከዚያ ዝም እላለሁ። እውነተኛው ጥያቄ በሌላ ቀን ቤት ለቤት ስዞር በር ላይ በሹክሹክታ ይመጣል።

ድራማ? ወጣቶቹ ይወዱታል። እኔ ብዙም አይመቸኝም፤ ሰዉ ልቡ እስኪፈርስ ስቆ ሰካራም ሆኖ የተጫወተውን ልጅ ብቻ አስታውሶ ይሄዳል።

የቀን ሠራተኞች ጋ ምሳ ሰዓት ላይ ሂዱ፣ ቆማችሁ 5 ደቂቃ ይበቃል። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ይመርመር፤ የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ይሄን ብዙዎቹ ያውቁታል። የሚያስቀራቸው የቀን ሂሳብ ነው። ስለዚህ ከእነሱ በፊት ፎርማኑን አናግሩ። ለምርመራ ያረፈደ ሰው ሂሳቡ እንዳይቆረጥበት እሺ ካሰኛችሁት፣ የሚያስለውን ጓደኛቸውን ሠራተኞቹ ራሳቸው ይጠቁሟችኋል።