ካንሰርና የደም መርጋት፦ ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ካንሰር ራሱ ደም በደም ሥር ውስጥ እንዲረጋ ያደርጋል፤ በተለይም የቆሽት፣ የጨጓራና የሳንባ ካንሰር ያለባቸው፣ ኬሞቴራፒ የሚወስዱና ከቀዶ ሕክምና በኋላ ተኝተው የሚሰነብቱ ሕሙማን ይበልጥ ይጋለጣሉ።

የከፋው ስህተት የሚፈጸመው ሐኪም ዘንድ ከመደረሱ በፊት ነው። በቡራዩ፣ በሰበታም ሆነ በሱሉልታ አንድ እግር ብቻ አብጦ ባት ሲያምና ሲሞቅ «ወለምታ ነው» ተብሎ ወጌሻ ይጠራል። ወጌሻው በቅቤ ሲያሸው ግን የረጋው ደም ተላቅቆ በልብ በኩል ወደ ሳንባ ሊሄድና የሳንባን ደም ሥር ሊዘጋ ይችላል። ጥቁር አንበሳ ያለው የኬሞ ቀጠሮ ጥቂት ቀናት ስለቀሩት እስከዚያ መታገሥም ያው ጥፋት ነው፤ በዚያው ዕለት ዶፕለር አልትራሳውንድ (በደም ሥር ውስጥ ያለውን የደም ፍሰት የሚያሳይ ምርመራ) ወዳለበት የጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ከታየ ደግሞ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሁለተኛው ስህተት «የረጋውን ደም ቀደው ያውጡልን» ብሎ ሐኪሙን መወትወት ነው። ዋናው ሕክምና እንደ ሄፓሪን ያለ የደም ማቅጠኛ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ከ3 እስከ 6 ወራት ይወሰዳል። ደረትን ከፍቶ የረጋ ደም ማውጣት የሚታሰበው በሳንባ ደም ሥር መዘጋት ምክንያት የደም ግፊት ሲወርድና የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ሳይሠራ ሲቀር ወይም መስጠት ሳይቻል ሲቀር ነው። ቤተሰብ ቀዶ ሕክምና አለመደረጉን እንደ ቸልተኝነት ይቆጥረዋል፤ ነገር ግን ኬሞ ፕሌትሌቱን (መድማት እንዲቆም የሚረዱትን የደም ሕዋሳት) ላወረደበት ሕመምተኛ ቢላዋ ራሱ አደጋ ነው።

ደም የሚፈሰውና ማቅጠኛ ሊወስድ የማይችል ሰው በሆዱ ትልቅ ደም መልስ ውስጥ የሽቦ ማጣሪያ ሊገባለት ይችላል። ማጣሪያው ወደ ሳንባ የሚሄደውን ይይዛል እንጂ የረጋውን አያሟሟም፤ ለረጅም ጊዜ ሲቆይም ራሱ የመርጋት ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ ማቅጠኛው መቼ እንደሚጀመርና ማጣሪያው መቼ እንደሚወጣ ሳይጠይቁ ከሆስፒታል መውጣት አይገባም።

በማቅጠኛ ላይ እያሉ ለሕመም ማስታገሻ ብሎ ዲክሎፌናክ መወጋት የመድማትን አደጋ ይጨምራል። ቀዶ ሕክምና ሲቀርብም መድኃኒቱን የሚያቋርጠው ሐኪሙ እንጂ ሕመምተኛው አይደለም።

የሆድ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ከተደረገ በኋላ፣ አስታማሚ በርኅራኄ «አትነሺ» ማለቱ ይጎዳል፤ ሐኪም እንደፈቀደ መራመድ መጀመር ያስፈልጋል። ለእነዚህ ሕሙማን እስከ 4 ሳምንት የሚቀጥል የደም መርጋት መከላከያ መርፌ ሊታዘዝ ስለሚችል፣ ቁስሉ ቢደርቅም ሳያቋርጡ በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ መወጋት ይገባል።