የብሪጅ ፒካፕ ልትቀይሩ ነው? መጀመሪያ በሽታውን እንለይ

ጥሩ ፒካፕ፣ ማለትም የጊታሩን ክር ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማግኔትና ጥምጥም ሽቦ (ኮይል)፣ ውድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም፤ ብዙ ጊታሪስት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይጠብቃል። ስንት ወር ተጠብቆ የመጣው ዕቃ ካልተስማማ ደግሞ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ጊታሩ ምን እንደጎደለው በትክክል እወቁ። አንዳንዱ ችግር በካቻቢቴ ብቻ ይፈታል። ፒካፕ መቀየር የሚያስፈልገውም ቢሆን የትኛውን እንደምትገዙ የሚነግራችሁ ራሱ ችግሩ ነው።

ድምፁ ቀጭን ነው፣ ጆሮ ይበሳል

ክሩ ብሪጁ (ክሮቹ ጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበት ብረት) አጠገብ ብዙም አይርገበገብም። እዚያ ያለ ፒካፕ ወፍራሙን ድምፅ ትንሽ፣ ስሉን ብዙ ያነሳል። ይህ ተፈጥሮው ነው። ስትራቶካስተር (ባጭሩ ስትራት) በተባለው የፌንደር ጊታር ላይ ግን ሌላም ምክንያት አለ። ጊታሩ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲወጣ ስል ድምፅ የሚቀንሱት ሁለቱ የቶን ቁልፎች ለኔክ (ለአንገቱ በኩል) እና ለመሃል ፒካፕ ብቻ ነበሩ፤ የብሪጁ ፒካፕ ቶን አልነበረውም። ዛሬም ብዙ ስትራቶች እንደዚያው ናቸው።

የእናንተን ለማወቅ የፒካፕ መቀያየሪያውን ብሪጅ ላይ አድርጉና ሁለቱንም ቶን እስከ መጨረሻ ዝጉ። ድምፁ ካልተለወጠ ቶን የለውም ማለት ነው። መፍትሄው አንድ አጭር ሽቦ ነው። መቀያየሪያው ላይ የሁለተኛውን ቶን መስመር በቶኑ በኩል ካለው ባዶ የብሪጅ ፒካፕ መገናኛ ጋር በሶልደር ማገናኘት ይበቃል። ከዚያ ቶኑን 6 ወይም 7 ላይ አድርጋችሁ ተጫወቱ። ስልነቱ ይለዝባል፣ ጥራቱ ግን አይጠፋም። የቮልዩም ፖቱንም (ከቁልፉ ሥር ያለውን ተለዋዋጭ ሬዚስተር) እዩ። ለሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ኮይል ፒካፕ) የተለመደው 250 ኪሎ ኦም፣ ለሃምባከር (ባለ ሁለት ኮይል) 500 ነው። ሲንግል ኮይል ላይ 500 ከተገጠመ ድምፁ ይበልጥ ይስላል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ፒካፑን አውጡና ገልብጡት። በርካሽ ስትራቶች ላይ ከሥሩ ወፈር ያለ ጥቁር የሴራሚክ ማግኔት ተለጥፎ ታያላችሁ፤ ከላይ የሚታዩት ስድስቱ ዘንጎች ተራ ብረት ናቸው። ለውጥ የምትሰሙት ዘንጎቹ ራሳቸው አልኒኮ (ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት ጋር የተቀየጠ ብረት) ማግኔት የሆኑበትንና ለብሪጅ ተብሎ በዛ ባለ ሽቦ የተጠመጠመውን ስትገዙ ነው። አልኒኮ 5 ጠንካራና ጥርት ያለ ነው፤ አልኒኮ 2 ለስለስ ይላል። ችክችካ በክሊን ድምፅ ለሚመታ ሰው እኔ የምመርጠው አልኒኮ 5ን ነው። ኪቦርድና ሳክስፎን ሞልተውበት እንኳ የጊታሩ ምት አይጠፋም።

ድምፁ ደካማ ነው፣ ከሌሎቹ ፒካፖች ያንሳል

መጀመሪያ ከፍታውን ለኩ። የመጨረሻውን ፍሬት ተጫኑና ከክሩ ሥር እስከ ፒካፑ ዘንግ ያለውን ክፍተት እዩ። ለተለመደው የስትራት ፒካፕ በወፍራሙ ክር በኩል 2.4፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ለሃምባከር 1.6 አካባቢ ይሁን። በጎንና በጎን ያሉትን ብሎኖች ማዞር ብቻ ነው። ግን አታብዙት። የሲንግል ኮይል ማግኔት ወደ ክሩ በጣም ከተጠጋ ክሩን ይስባል፤ ያን ጊዜ ጊታሩ በትክክል ተቃኝቶም ላይኛው ፍሬት ላይ የተዛባ ድምፅ ይሰጣል።

ጊታሩ 9 ቮልት ባትሪ ያለው ዓይነት ከሆነ ባትሪውን ቀይሩ። ኬብሉ ተሰክቶ ባደረ ቁጥር ባትሪው ያልቃል።

ቀጥሎ መልቲሜትር ነው። 20 ኪሎ ኦም ላይ አድርጉት፣ ኬብሉን ጊታሩ ላይ ሰኩ፣ ቮልዩሙን ሙሉ ክፈቱ፣ የኬብሉን ሌላ ጫፍ ለኩ። ሲንግል ኮይል አብዛኛውን ጊዜ ከ5.5 እስከ 7፣ የቆየ ዓይነት ሃምባከር ከ7 እስከ 9 ኪሎ ኦም ያሳያል። መለኪያው ከአቅሙ በላይ ከሆነበት በ2 ሜጋ ኦም ሞክሩት። ንባቡ ወደ ፖቱ ልክ፣ ማለትም ወደ 250 ወይም 500 ኪሎ ኦም፣ ከተጠጋ የውስጡ ሽቦ ወይም ወደ ፒካፑ የሚሄደው ገመድ ተቆርጧል። ሃምባከር ግማሹን ብቻ ካሳየ አንዱ ኮይል እየሠራ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ብዙ ሰው ኦሙን እያየ «16 ኪሎ ነው፣ ኃይለኛ ነው» ብሎ ይገዛል። ኦም የኃይል መለኪያ አይደለም። ቀጭን ሽቦ በራሱ ኦሙን ከፍ ያደርገዋል፤ የማግኔቱ ዓይነትም ውጤቱን ይለውጣል። ማነጻጸር የሚቻለው በአንድ ዓይነት ማግኔትና ሽቦ የተሠሩትን ብቻ ነው።

ዲስቶርሽን ሲበራ ሁሉም ድምፅ ይደባለቃል

ይህ በተቃራኒው ከመጠን በላይ ኃይለኛ ፒካፕ ሲኖር ይመጣል። ፒካፑን አንድ ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ ስሙት። የኬብላችሁንም ርዝመት እዩ፤ ረጅም ኬብል ስሉን ድምፅ ይበላል። ካልሆነ ኃይሉ መካከለኛ የሆነ፣ የቆየ ዓይነት አልኒኮ ሃምባከር ፈልጉ። በባንድ ውስጥ ለሚጫወት ሰው ምክሬ ሁልጊዜ ይኸው ነው። ኃይሉን ፔዳልና አምፕ ይጨምሩታል፤ የጠፋውን ጥራት ግን የሚመልስ ነገር የለም።

እምምም ይላል

ጊታሩን እንደያዛችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ጩኸቱ በአንድ አቅጣጫ ከቀነሰ በሌላው ከጨመረ ሲንግል ኮይሉ የመብራቱን 50 ሄርዝ እየለቀመ ነው። ሃምባከር የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ ሁለት ኮይሎች በተቃራኒ ተጠምጥመው አንዱ የሌላውን ሃም (እምምታ) ያጠፋሉ። ስትራቱን መቦርቦር ካልፈለጋችሁ በሲንግል ኮይል ልክ የተሠሩ ሃምባከሮች አሉ። ድምፃቸው ግን የስትራት ጥርት ያለው ድምፅ አይደለም። ያን ድምፅ የምትወዱ ከሆነ ሃሙን ቻሉት።

አሁን ደግሞ ክሩን ንኩ። የሚያስጨንቀው ዝዝዝታ ክሩን ስትነኩ ሳይቀንስ የጃኩን ብረት ስትነኩ ብቻ ከቀነሰ ችግሩ ፒካፑ አይደለም፤ ወደ ብሪጁ የሚሄደው የግራውንድ ሽቦ ተላቋል። ቴሌካስተር (ሌላው የፌንደር ጊታር) ላይ ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፒካፕ ከተቀየረ በኋላ ነው። የድሮው ከሥሩ ያለው ብረት ብሪጁን ግራውንድ ያደርገው ነበር። አዲሱ ብረት ከሌለው ለብሪጁ ለብቻው ሽቦ መዘርጋት አለባችሁ።

ድምፅ ሲጨመር ያፏጫል

ፒካፑን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት። በአምፑ ውስጥ እንደ ማይክ ጎልቶ ከተሰማ ኮይሉ ላልቶ ይንቀጠቀጣል። መፍትሄው ሰም ነው። 80 በመቶ ፓራፊን፣ 20 በመቶ የማር ሰም ቀልጦ ፒካፑ ይነከርበታል። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አታድርጉት፣ ይነድዳል። ዕቃውን በሞቀ ውሃ ውስጥ አስቀምጡና ሙቀቱን 65 ዲግሪ አካባቢ ያዙት፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ፕላስቲኩ ይጣመማል። ከፒካፑ ትናንሽ አረፋዎች ይወጣሉ። አረፋው ሲያቆም አውጥታችሁ ጥረጉት፣ ሙሉ ለሙሉ ይቀዝቅዝ።

ከማዘዛችሁ በፊት

ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ክር መሃል ያለውን ርቀት ከፒካፑ በላይ ለኩ። ሃምባከር በሁለት ስፋት ይመጣል፦ 50 ሚሊ ሜትር አካባቢና 52 እስከ 53። ፍሎይድ ሮዝ (ክሮቹን የሚቆልፍ ተንቀሳቃሽ ብሪጅ) ያለው ጊታር አብዛኛውን ጊዜ ሰፊውን ይፈልጋል። የቴሌካስተር ብሪጅ ፒካፕ ስትራት ላይ አይገባም።

አዲሱ ተገጥሞ ለብቻው ጥሩ ነው፣ ከሌላው ጋር ሲበራ ድምፁ ይጠፋል

ድምፁ በአፍንጫ እንደሚወጣ ቀጥኖ ከቀረ ሁለቱ ፒካፖች ተጻርረዋል። የአዲሱን ሁለት ሽቦዎች ቦታ አቀያይሩ። ባለ አራት ሽቦ ሃምባከር ከሆነ የቀለሙን ትርጉም ከአምራቹ ወረቀት ላይ አንብቡ። ሲሞር ደንካን ላይ ድምፅ የሚያወጣው ጥቁር ነው፤ ዲማርዚዮ ላይ ግን ቀይ። የአንዱን ወረቀት ይዛችሁ የሌላውን እንዳትገጥሙ። የፒካፑ ውጪ ብረት ከአንዱ ሽቦ ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ያን ግንኙነት ነጥሉ፤ አለዚያ ሽቦዎቹ ሲቀያየሩ ሽፋኑ ድምፅ ተሸካሚ ይሆናል፣ በነካችሁት ቁጥርም ይጮኻል።