አዲሱ ቁም ሳጥን ለምን ይሸታል? ከሽታው ወደ ምክንያቱ፣ ከምክንያቱ ወደ ቅቡ

ቁም ሳጥኑ ከእንጨት ሥራ ቤት ከመጣ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ በሩ ሲከፈት ግን ዛሬም አፍንጫ ይሰነፍጣል። የሠራው ባለሙያ «አይዟችሁ፣ ይጠፋል» ብሏል። ሊጠፋ ይችላል፣ ላይጠፋም ይችላል። ቲነሩም፣ የተልባ ዘይቱም፣ ከችፑድ የሚወጣው ጋዝም «የአዲስ ዕቃ ሽታ» በሚል አንድ ስም ይጠራሉ፤ መፍትሄያቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ሌላ ቅብ ለመግዛት ከመሮጥዎ በፊት የሚሸተው ምን እንደሆነ ይለዩ።

ራስ የሚያዞር የቲነር ሽታ፤ ቅቡም ጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል

ይህ አብዛኛውን ጊዜ በቲነር ቀጥኖ የሚረጨው ናይትሮ ላከር ነው። ባለሙያዎች የሚወዱት በደቂቃዎች ውስጥ እጅ የማይዝ ስለሚሆን ነው፤ ጠዋት ተረጭቶ ከሰዓት ማስረከብ ይቻላል። ጣጣው የሚመጣውም ከዚሁ ጥድፊያ ነው። ወፍራም ቅብ በወፍራም ቅብ ላይ ሲደረብ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ከሥሩ ያለው ቲነር መውጫ ያጣል። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ጥቂት በጥቂት ይወጣል።

መፍትሄው አየርና ሙቀት ነው። መሳቢያዎቹን ያውጡ፣ በሮቹን ይክፈቱ፣ ከተቻለም ከማጠፊያቸው ይንቀሉ፤ ትይዩ መስኮቶች ባሉት ክፍል ወይም በረንዳ ላይ ያቆዩት። ልብስ አያስገቡበት፤ ጨርቅ ሽታውን ይጠጣና ቁም ሳጥኑ ከዳነ በኋላም ይዞት ይቀራል። ነፍሰ ጡርም ሕፃንም በዚያ ክፍል አይደር። ወር ሞልቶትም ጥፍር የሚቀበል ከሆነ ተፍቆ በስሱ እንደገና ከመቀባት ሌላ መንገድ የለውም። ላዩ ላይ ሌላ ነገር መደረብ ቲነሩን አምቆ ማሸግ ነው።

ዕጣን ማጨስ ደግሞ ከሁሉ የከፋው መፍትሄ ነው። ሽታውን ይሸፍነው እንደሆነ እንጂ አያስወጣውም፤ የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ይወርዳል፣ የከሰሉ ማጨሻም የሚቀመጠው እዚያው ወለል ላይ ነው። ገና በተረጨ ዕቃ አጠገብ ከሰል አያቀጣጥሉ፤ ቡናውም ሌላ ክፍል ይፈላ።

የቆየ ዘይት ሽታ፣ በተለይ መሳቢያው ሲሳብ

ይህን ጥፋት ራሴ ሠርቼዋለሁ። ለእህቴ ከዋንዛ የተሠራ ባለ አራት መሳቢያ ሣጥን ውስጡንም ውጭውንም በተልባ ዘይት ቀባሁላት፤ «ከተፈጥሮ የተገኘ ነው፣ ምንም አይሸትም» ብዬም ፎከርኩ። ውጭው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሽታውን ተወ። መሳቢያዎቹ ግን ከስድስት ወር በኋላም ነጠላዋን የምግብ ዘይት፣ የምግብ ዘይት ያሰኙት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተልባ ዘይት የሚደርቀው እንደ ቲነር በንኖ ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን ወስዶ በመጠጠር ነው፤ በዚያ ሂደት ውስጥ ሽታ ያላቸው ጋዞች ይወጣሉ። የተዘጋ መሳቢያ ውስጥ ደግሞ አየር አይመላለስም። ስለዚህ ማድረቁ ይጓተታል፣ የወጣው ሽታም እዚያው ይታጎራል።

ያስተካከልኩት መሳቢያዎቹን አውጥቼ፣ ያልደረቀውን ዘይት የዘይት ቀለም ማቅጠኛ በሆነው አኳራጅ በራሰ ጨርቅ ወልውዬ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይ ካሰጣሁ በኋላ ሁለት ስስ እጅ ሼላክ በመቀባት ነው። ሼላክ ከአንዲት ትንሽ ነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው፤ ከሕንድና ከታይላንድ ይመጣል፣ ስስ ቅርፊት መስሎ ይሸጣል፣ በአልኮል ይሟሟል። አልኮሉ ቶሎ በንኖ ያልቃል፤ የሚቀረው ሙጫ የመድኃኒት እንክብሎችና ከረሜላዎች የሚሸፈኑበት ያው ሙጫ ነው። ከሥሩ ያለን ሽታ በማፈን የሚስተካከለው ቅብ አላውቅም። ነገር ግን ለጠረጴዛ አይሆንም፦ ትኩስ ጀበና ነጭ ክብ ያትምበታል፣ አረቄ የፈሰሰበት ቦታ ደግሞ ይሟሟል። ዛሬ ብጠየቅ የመሳቢያ ውስጥ ወይ ሼላክ ይቀባ ወይም ባዶውን ይቅር እላለሁ።

የዘይቱን ጨርቅ ነገር እዚህ ላይ ካላነሳሁ ጥፋተኛ ነኝ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ይሞቅና ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ደጅ ላይ ዘርግተው ያድርቁት፣ ወይም ውሃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ይንከሩት።

ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ፤ በሞቃት ቀን ይብሳል

እዚህ ላይ ቅቡን ከመወንጀል በፊት ዕቃውን አዙሮ ጀርባውን ማሽተት ነው። ችፑድና ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ፍርፋሪና ብናኝ የተጋገሩ ሰሌዳዎች) የሚጣበቁበት ሙጫ ብዙውን ጊዜ ፎርማልዴሃይድ የተባለ ኬሚካል ያለበት ነው፤ ከእሱ የሚወጣው ጋዝም በሙቀትና በእርጥበት ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2004 ይህን ጋዝ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። የተለበጠው ፊት ብዙም አይተነፍስም፤ የሚተነፍሱት ያልተሸፈነ ጠርዝ፣ ጀርባና የብሎን ቀዳዳ ናቸው። እነዚህን በጠርዝ ማሸጊያ፣ በሼላክ ወይም በሁለት ሦስት እጅ የውሃ ቫርኒሽ መዝጋት ጋዙን ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ አያጠፋውም። ገና የሚያሠሩ ከሆነ «ኢ1» የሚል ምልክት ያለበትን፣ ማለትም ፎርማልዴሃይድ በትንሹ የሚለቅ ሰሌዳ ይጠይቁ።

ዕቃው ከድፍን ጣውላ ተሠርቶ እንዲህ ከሸተተ ግን በአሲድ የሚጠጥር ባለ ሁለት ጣሳ ቅብ ተረጭቶበት ይሆናል፤ እሱም ፎርማልዴሃይድ ለወራት ይለቃል። ባለ ሁለት ጣሳው ፖሊዩሬቴን የተለየ ነው። ጨርሶ ከጠጠረ በኋላ ለቤተሰቡ ብዙም አያሰጋም፤ የሚጎዳው ረጪውን ነው። ሃርድነሩ (ቅቡን የሚያጠጥረው ሁለተኛው ጣሳ) ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል አስም ያመጣል፣ አፍ ላይ የታሰረ ጨርቅም አያስቆመውም። ቤትዎ ውስጥ እንዲረጭ አይፍቀዱ።

የውሃ ቫርኒሹ እንጨቱን እንደ ድመት ምላስ አሻከረው

ለሕፃን አልጋ፣ ለመጽሐፍ መደርደሪያ፣ በአጠቃላይ ለመኝታ ቤት ዕቃ እኔ የምመርጠው በውሃ የሚቀጥነውን ቫርኒሽ ነው። ጣሳው ውስጥ ወተት ይመስላል፤ ሲደርቅ ይጠራል። ሰዎች አንዴ ሞክረው የሚተዉት በመሻከሩ ነው። ውሃው የእንጨቱን ቃጫ ስለሚያነሳ ጥፋቱ የቅቡ አይደለም። ከመቀባትዎ በፊት እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ አንዴ ይወልውሉ፣ ይድረቅ፣ የተነሳውን ቃጫ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገው ይምቱ፤ ከዚያ ይቀቡ። በየእጁ መካከል በብረት ሽቦ አይፈግፍጉት፤ የቀረችው ስባሪ ዝጋ ቡናማ ነጥብ ትተዋለች።

በበጋ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁለተኛውን እጅ መቀባት ይቻላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን መታገሥ ነው፣ ከ10 ዲግሪ በታች ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በሦስትና በአራት ሳምንት ነው፤ እስከዚያ ከባድ ዕቃ አይጫንበት።

ቅቡ እንደ ጠል ጠብታ ጠብታ እየሆነ አልይዝ ካለ ከሥሩ ዘይት ወይም ሰም አለ። የነበረውን ቅብ ለመለየት በማይታይ ቦታ በአልኮል የራሰ ጥጥ ለአንድ ደቂቃ ያስቀምጡ፦ ከተጣበቀ ሼላክ ነው። አልኮሉን ችሎ በቲነር ከለሰለሰ ላከር ነው። ሁለቱንም ከቻለ ፖሊዩሬቴን ሊሆን ይችላል። ሰም ካለ በአኳራጅ ወልውለው፣ የራሱ የተፈጥሮ ሰም የወጣለት ሼላክ አንድ እጅ በመካከል አድርገው፣ ከዚያ የውሃ ቫርኒሹን መቀባት ይችላሉ።

ጣሳው «ሽታ የለውም» ይላል፤ ራስ ምታቱ ግን አልቀረም

ሽታና ጉዳት አንድ አይደሉም። ሽታው የተቀነሰለት አኳራጅ እንኳ ያው ወደ አየር ይበናል። በማስታወቂያው ፋንታ በአንድ ሊትር ስንት ግራም በናኝ ኬሚካል እንዳለው የተጻፈውን ቁጥር ይፈልጉ። ለንጽጽር ያህል፣ የአውሮፓ ኅብረት ከ2010 ጀምሮ ለእንጨት ቫርኒሽ የፈቀደው ጣሪያ በውሃ ለሚቀጥነው 130፣ በቲነርና በአኳራጅ ለሚቀጥነው 400 ግራም ነው። የሕፃን አልጋ በደማቅ ቢጫ ወይም ቀይ ቀለም የሚቀባ ከሆነ ስለ እርሳስ ጭምር ይጠይቁ፤ በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ይከለክላል።

ጣሳው ላይ ምንም ቁጥር ከሌለ ባለሙያው መዳፍ የምታክል ቁራጭ በዚያው ቅብ ቀብቶ እንዲሰጥዎ ያድርጉ። አንድ ሳምንት ካደረቋት በኋላ ክዳን ባለው ንጹሕ ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ከተው ያሳድሯት። ጠዋት ክዳኑን ከፍተው ያሽትቱ፤ ቀብዱን የሚከፍሉት ከዚያ በኋላ ነው።